«ሰጠው» ነው ወይስ «ሸጠው»? ስለ ዳክና ስለ ሄድፎን አምፕሊፋየር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ከኮምፒውተር ጋር ስለሚገጠሙ ትንንሽ የድምፅ ሳጥኖች የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ዳክና (የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይረውን) የሄድፎን አምፕሊፋየር (ሞገዱን የሚያጠነክረውን) አንድ ላይ የያዙትን ማለቴ ነው። ጸሐፊው እንደለፋበት ያስታውቃል። ግን ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። 32 ቢት፣ 384 ኪሎኸርዝ፣ ይህን ያህል ሚሊዋት። አንድ ሰው ይህን አንብቦ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ ሱቅ ቢሄድ፣ ሳጥኗ የትኛውን ችግሩን እንደምትፈታለት ሳያውቅ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቷን ሳጥን በሳምንት 40 ሰዓት ያህል የምጠቀም ሰው ነኝ። እንጀራዬን የማገኘው በጆሮዬ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ መተው አልቻልኩም። ረዘም ብሏል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች የቀዱትን ቃለ መጠይቅ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ይልኩልኛል። እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ። አብዛኛው በስልክ የተቀዳ ነው። ከኋላው ዶሮ ይጮሃል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ቡና ይወቀጣል። ይህ ሁሉ ችግር የለውም፣ ጆሮ ይለምደዋል። ጆሮ የማይለምደው ሌላ ነገር አለ። እሱን ለማስረዳት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አንድ አዛውንት ስለ ቤተሰባቸው መሬት ያወራሉ። ጠያቂው ዝም ብሎ ያዳምጣል። አዛውንቱ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱማ መሬቱን…» አሉና የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፃቸው ሊሰማ የማይችል ሆነ። «ሰጠው» ይሁን «ሸጠው» መለየት አቃተኝ። ወደ ኋላ መለስኩት። ደግሜ መለስኩት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ከፍ ባደረግኩት ቁጥር ግን ከሄድፎኑ የሚወጣው «ሽሽሽ» አብሮ ከፍ ይላል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ «ጭርርር» የምትል ድምፅ አለች። በመጨረሻ ከነገሩ አካሄድ ተነስቼ «ሸጠው» ብዬ ጻፍኩ። ተመራማሪው ከሁለት ቀን በኋላ ደወለልኝ። «እዚህ ጋ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። አልነበርኩም።

ልብ በሉ፣ የሁለቱ ቃላት ልዩነት አንድ ፊደል ነው። ለዚያ ቤተሰብ ግን ከወንድምነት እስከ ክህደት ያለ ርቀት ነው። «ሰ»ም «ሸ»ም ትንፋሽ ናቸው። «ሰ» ከ«ሸ» ይልቅ ቀጠን ባለው የድምፅ ክፍል ላይ ይበረታል፣ ከ4 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ ከ4 ሺህ ንዝረት) በላይ ነው ጉልበቱ። የኮምፒውተሩ «ሽሽሽ» ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ይተኛል። ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሆን የሰውየው ትንፋሽና የማሽኑ ትንፋሽ ይቀላቀላሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሞከርኩ። ፋይሉን ወደ ስልኬ ላክሁትና ያንኑ ሄድፎን ስልኬ ላይ ሰክቼ ሰማሁ። «ሰጠው» ነበር። ጥርት ያለ «ሰጠው»። ተመራማሪው ጋ ወዲያው ደወልኩ፣ አስተካከልን። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ በፊት በላክኋቸው ሥራዎች ውስጥ ስንቱ «ሰጠ» «ሸጠ» ሆኖ ሄዶ ይሆን?

እዚህ ጋ ዳክ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል፤ ጽሑፋችሁ ላይ ይህ ተዘሏል። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ድምፅ ቁጥር ነው። ሲዲ ለምሳሌ ለግራም ለቀኝም ለየብቻ በአንድ ሰከንድ 44,100 ቁጥር ይይዛል፣ እያንዳንዱም ቁጥር ከ65,536 ደረጃዎች አንዱ ነው። ጆሮ ቁጥር አይሰማም። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ነገር ያስፈልጋል፣ እሱ ነው ዳክ የሚባለው። ሞገዱን ሄድፎን ለማንቀጥቀጥ እስኪችል ድረስ የሚያጠነክረው ደግሞ አምፕሊፋየሩ ነው። ስለዚህ ዳክ የሌለው ሰው የለም። ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ ላፕቶፓችሁ ውስጥ አለ፣ ቴሌቪዥናችሁ ውስጥ አለ። «ዳክ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲጠየቅ «ያለኝ ዳክ ምን ይጎድለዋል?» ነው።

የእኔ ላፕቶፕ ጉድለት ጩኸቱ ነበር። ላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ማራገቢያው፣ ሃርድ ዲስኩ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ታጭቀዋል። የድምፅ ክፍሉ ከነሱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። እነሱ በሠሩ ቁጥር የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ድምፁ ይገባል። የማውሷ «ጭርርር» የመጣችው ከዚያ ነው። ሁሉም ላፕቶፕ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በጣም ጸጥ ያሉ አሉ። የእኔ አልነበረም።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ሁለት ነገር አምጪልኝ አልኳት። አንደኛው ፊዮ ኢ10ኬ የሚባል የጠረጴዛ ዳክና አምፕ ነው። ፊዮ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ የቻይና ድርጅት ነው፣ ጓንግዡ ከተማ። ሁለተኛው አፕል በ9 ዶላር የሚሸጠው ትንሽ የታይፕ ሲ መቀየሪያ ነው፣ ያቺ የጣት ያህል ነጭ ገመድ። እሷም ዳክ ናት፣ ብዙ ሰው አያውቅላትም። ለማወዳደር ብዬ ነው ሁለቱንም ያስመጣሁት።

ሳጥኗ ትንሽ ናት። ርዝመቷ 79 ሚሊሜትር ነው፣ ክብደቷ 78 ግራም። ከክብሪት ሳጥን ተለቅ፣ ከሲጋራ ፓኮ አነስ ትላለች። ጥቁር አሉሚኒየም ናት። ፊት ለፊቷ ላይ የሄድፎን መሰኪያ፣ ጎርናናውን ድምፅ የምታጎላ ማብሪያና አንድ ማዞሪያ አለ። ማዞሪያዋን መጀመሪያ ስታዞሯት «ቀጭ» ትልና ትበራለች፣ ከዚያ በኋላ የድምፅ መጠን ናት። የዱሮ ሬዲዮ ማዞሪያ እንደነበረው ነው። ከኋላ ዝቅና ከፍ የሚል የጉልበት መምረጫ አለ፣ ወደ ስፒከር የሚሄድ መውጫ አለ፣ የማይክሮ ዩኤስቢ መሰኪያ አለ። ኤሌክትሪኳንም ድምፁንም የምታገኘው በዚያች አንዲት ገመድ ነው። ሌላ ቻርጀር አትፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሶፍትዌር ሳይጫን ሰካኋት፣ ሠራች።

ስለ ማዞሪያዋ ትንሽ ልቆይ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ድምፅ ከፍ ዝቅ እንደማደርግ ገልባጭ ያልሆነ ሰው አይገምተውም። ጠያቂው ማይኩ አጠገብ ነው፣ ይጮሃል። ተጠያቂዋ እናት ራቅ ብላ ምድጃው ጋ ተቀምጣለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው። በፊት በኪቦርድ ነበር የማስተካክለው፣ እጄ ከጽሑፉ ይነሳል፣ ሐሳቤም አብሮ ይነሳል። አሁን ግራ እጄ ማዞሪያዋ ላይ ነው። ሳላያት አዞራለሁ። ይህን ጥቅም በየትኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ተደነቅሁ። «ሽሽሽ»ው የለም። ማውሱን ባንቀሳቅስ የለም። ከቃል እስከ ቃል ያለው ክፍተት ባዶ ሆነ። የሰዎቹ ትንፋሽ፣ የስኒ ኳኳታ፣ የወንበር ሲጢጥታ ሁሉ ይሰማል። ዘፈንም ከፈትኩ። ጎርናናው ድምፅ ጠለቅ ያለ፣ ከርቀትም ከቅርብም የሚሰማ መሰለኝ። ከ9 ዶላሯ ገመድ ጋር ሳወዳድራት ሳጥኗ በብዙ የምትበልጥ መስሎ ታየኝ። ለእህቴ «ዋጋዋን አወጣች» ብዬ ጻፍኩላት።

ከዚያ ሰፈራችን ያለው ጓደኛዬ መጣ። ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ በዚህ ነገር ልምድ ያለው ሰው ነው። ሁለቱንም ሰማና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «የድምፃቸውን መጠን እኩል አድርገሃል?» አዎ፣ በጆሮዬ አልኩት። በጆሮ አይሆንም አለኝ። መልቲሜትሩን፣ ቮልት የሚለካበትን መሣሪያ፣ አመጣ። የ100 ኸርዝ ድምፅ አጫወትን። ርካሽ መልቲሜትር ከዚያ በጣም ከፍ ያለውን በትክክል ስለማይለካ ነው ዝቅ ያለውን የመረጠው። የ9 ዶላሯ ገመድ 0.30 ቮልት አወጣች። ሳጥኗ ግን እኔ «እኩል ነው» ባልኩበት ቦታ ላይ 0.38 አወጣች። ልዩነቱ በድምፅ መጠን መለኪያ 2 ዴሲቤል ነው።

ይህች 2 ዴሲቤል ናት ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣባት። ከሁለት እኩል የሆኑ ዕቃዎች አንዱ በጥቂቱ ቢጮህ፣ ጆሮ «ጮኸ» አይልም። «ጠለቀ፣ ጠራ፣ ሰፋ» ይላል። ሱቅ ውስጥም ሻጩ ውዱን ዕቃ ትንሽ ከፍ አድርጎ ካሰማችሁ፣ ሳይዋሻችሁ ውዱን ትመርጣላችሁ። የእናንተ ጸሐፊ ሦስት ሳጥኖችን አወዳድሯል። መጠናቸውን በመለኪያ ስለማስተካከሉ ግን አንድም መስመር የለም። ካላስተካከለ ያወዳደረው የማዞሪያዎቹን ቦታ ነው።

እኛ አስተካከልን። ሁለቱም 0.30 ቮልት ላይ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ተቀመጠ፣ ሳንቲም እያሽከረከረ ገመዱን ይቀያይራል፣ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። 16 ጊዜ አደረግነው። ከ16ቱ 9 መለስኩ። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው 8 ያህል ይመልሳል። 12 ወይም ከዚያ በላይ ብመልስ ኖሮ በግምት ብቻ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 4 አይሞላም ነበርና «አዎ፣ ይለያል» ማለት እችል ነበር። 9 ግን ምንም አይደለም። በእነዚያ ሄድፎኖች፣ በዚያ መጠን፣ የ9 ዶላሯን ገመድና ወደ 75 ዶላር የወጣባትን ሳጥን በድምፃቸው መለየት አልቻልኩም።

ቀጥለን ሳጥኗን ከላፕቶፑ የራሱ መሰኪያ ጋር አወዳደርናት። መጠናቸው እኩል ሆኖ። 16ቱንም መለስኩ። ሙዚቃውን መስማት እንኳ አላስፈለገኝም፣ በዘፈኑ መካከል ያለው ጸጥታ ይነግረኛል። በእኔ ግምገማ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ችግሩ እውነተኛ ነበር፣ መፍትሔውም እውነተኛ ነው፣ ግን መፍትሔው በ9 ዶላርም ይገኛል።

ታዲያ ለምን ሳጥኗን እጠቀማለሁ? አንዱ ማዞሪያዋ ነው፣ ተናግሬያለሁ። ሌላውና ዋናው ግን በጸጥታው ምክንያት ድምፅ ቀንሼ መሥራቴ ነው። በፊት «ሽሽሽ»ውን ለማሸነፍ ከፍ አደርግ ነበር። ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮሃል፣ «ጥዝዝዝ» የሚል ነገር ትራሴ ላይ ይከተለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ድረስ ብሎ ገደብ አስቀምጧል። ለልጆች 75 ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት። የእኔ የሥራ ሳምንት ልክ 40 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትርፍ የለኝም። የጆሮ ጉዳት ደግሞ እንደ ጥርስ አይሞላም። ይህን የምጽፈው በተለይ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ለሚሠሩ፣ ለአስተርጓሚዎች፣ ለሬዲዮ ኤዲተሮች፣ ቀኑን ሙሉ በኦንላይን ለሚማሩ ልጆች ነው። ጩኸት ያለበት መሰኪያ ሳታውቁት ድምፅ ያስጨምራችኋል።

ስለ ሚሊዋቱም ልናገር። ጽሑፋችሁ ላይ ጉልበት በበዛ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ነው የሚነበበው። የእኔ ሄድፎን ሶኒ ኤምዲአር-7506 ነው። ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመረት፣ የስቱዲዮና የሬዲዮ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት ነው። 63 ኦም ነው፤ ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካ ነው። በአንድ ሚሊዋት 106 ዴሲቤል ያወጣል። 106 ማለት ጆሮ የሚጎዳ ነው። እኔ የምፈልገው 80 ዴሲቤል ከሆነ የሚበቃኝ የአንድ ሚሊዋት 400ኛ ክፍል ገደማ ነው። ሳጥኗ በ32 ኦም 200 ሚሊዋት ትሰጣለች ይላል አምራቹ። ለእኔ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። የጉልበት መምረጫውን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ ማዞሪያዋን ግማሽ ድረስ እንኳ አላደርስም።

ጉልበቱ የሚፈለገው ሌላ ቦታ ነው። እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለ 300 ኦም ሄድፎን ያለው ሰው ከስልክ ቢሰካው ድምፁ ደከም ይልበታል፣ ቮልት ይፈልጋል። እሱ አምፕ ቢገዛ ገንዘቡ ሜዳ ላይ አልቀረም። ለእሱ ግን የእኔ ዓይነቷ ሳጥን ራሷ አትመረጥም፣ አምራቹ ከ16 እስከ 150 ኦም ብሎ ነው የጻፈላት። ጠንከር ያለ ያስፈልገዋል። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ደግሞ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። መልካቸው በጣም ይመሳሰላል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ 250ውን ገዝተው «ድምፁ ትንሽ ነው፣ ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አውቃለሁ። ከዳክ በፊት ስለ ኦም አንድ አንቀጽ ብትጽፉ ብዙ ሰው ትረዳላችሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ነገር አለ። የመሰኪያው የራሱ ኦም ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ጥሩ ነው ይላሉ ነገሩን የሚያውቁት። አለበለዚያ አንዳንድ ሄድፎኖች የድምፅ ቀለማቸው ይቀየራል፣ ጎርናናው ያብጣል ወይም ቀጭኑ ይደበዝዛል። የኢ10ኬ 1 ኦም አካባቢ ነው፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን ይህን ቁጥር ብዙ አምራቾች አይጽፉትም። ጠይቁ።

ማዞሪያ ያላቸው ብዙ ትንንሽ አምፖች የሚጋሩት ጠባይም አለ። ማዞሪያው ገና ሲጀምር፣ በጣም ዝቅተኛው ላይ፣ የግራና የቀኝ ድምፅ እኩል አይሆንም። ማዞሪያው ውስጥ ያሉት ሁለት መንገዶች እዚያ ቦታ ላይ ፍጹም አንድ ስለማይሆኑ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጉልበቱን ዝቅ አድርጎ ማዞሪያውን ከፍ ማድረግ ነው። በትንሽ ጉልበት በጣም የሚጮህ ኢርፎን ያለው ሰው ሳይገዛ በፊት ይህን ይሞክር፣ ሌሊት ልጅ ተኝቶ ቀስ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ያስቸግራል።

አሁን ወደ መብራታችን። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ቤት የመሬት ሽቦ የለውም፣ ቢኖረውም በየሶኬቱ አይደርስም። ሄድፎን ብቻ የሚጠቀም ሰው በዚህ ብዙ አይቸገርም። እኔ ግን አንድ ቀን ሳጥኗን በኋላ መውጫዋ ከስፒከሮቼ ጋር አገናኘኋት። ስፒከሮቹ በሌላ ሶኬት ነው የተሰኩት። «እምምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሳጥኗ የተበላሸች መሰለኝ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩ፣ ድምፁ ቆመ። መልሼ ሰካሁት፣ ተመለሰ። ጥፋቱ የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚሄድበት ሁለት መንገድ ሲያገኝ በሁለቱ መካከል ይዞራል፣ ያ ዙረት በድምፅ ገመዱ በኩል ያልፋል። ላፕቶፑንና ስፒከሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ስሰካቸው በጣም ቀነሰ። ዕቃ ከመመለሳችሁ በፊት ቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩ። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን የሚጠፋ ድምፅ ከዳኩ አይደለም።

ስለ 384 ኪሎኸርዙ ደግሞ በቀጥታ ልናገር፣ ምክንያቱም ርዕሳችሁ ላይ ያደረጋችሁት እሱን ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። በሰከንድ 44,100 ቁጥር 22 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ይበቃል። ሲዲ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ሲወጣ ይህን ያህል የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የእኔ ሳጥን ውስጥ ያለው ቺፕ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ፒሲኤም5102 ነው። ቺፑ ራሱ 384 ኪሎኸርዝና 32 ቢት ይቀበላል። ሳጥኗ ግን በዩኤስቢዋ የምትቀበለው እስከ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። አንድም ቀን አልጎደለኝም። የምሰማው የስልክ ቅጂ ነው፣ ዩቲዩብ ነው፣ በቴሌግራም የተላከ ኤምፒ3 ነው። 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ከ16 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። የተቆረጠውን የትኛውም ዳክ አይመልሰውም።

ይህን ስል በገና ትዝ ይለኛል። በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና እሰማለሁ፣ አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የበገና ድምፅ ልዩ የሆነው በእንዚራው ነው። አሥሩ አውታር እያንዳንዱ ከብርኩማው (አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድጋፍ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለ፣ አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካ «ዝዝዝ» ይላል። ይህ «ዝዝዝ» ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ዝምታ ውስጥ ይገባል። በድሮው መሰኪያ የመጨረሻውን ክፍል ሰምቼው አላውቅም፣ የኮምፒውተሩ ጩኸት ይውጠው ነበር። አሁን ጫፉ ድረስ እሰማዋለሁ፣ ደርዳሪው ቀጣዩን አውታር ከመንካቱ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ጭምር። ይህ የሚሆነው ግን ቅጂው ንጹሕ ሲሆን ነው። ከካሴት ተገልብጠው፣ ያም ከሌላ ካሴት ተገልብጦ፣ ዩቲዩብ ላይ የተጫኑ አሉ። እነሱ ላይ ሳጥኗ የካሴቱን ሽሽታ ይበልጥ ግልጽ አድርጋ ታሰማኛለች እንጂ አታጠፋውም። «ዳክ ገዝቼ የድሮ ዘፈኖቼን አጠራለሁ» የሚል ሰው ካለ ገንዘቡን ያቆይ። ከተቻለ የዋናውን ካሴት ወይም የሸክላውን የተሻለ ቅጂ ይፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ጉዳይ ለሚወድ ሰው ደስ የሚል ስለሆነ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ማንነቱ የማይታወቅ፣ ኤንደብሊውኤቪጋይ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ መሐንዲስ ኦ2 የሚባል የሄድፎን አምፕ ንድፍ ሠርቶ ለሁሉም በነፃ ለቀቀ። ማንም ሰው ክፍሎቹን ገዝቶ መበየድ ይችላል። አንዳንድ ውድ አምፖች ከዋጋቸው ጋር የሚመጣጠን ጥራት እንደሌላቸው በመለኪያ አሳየ። በዓመቱ መጻፉን አቆመ፣ ማን እንደነበረም አልታወቀም። የሱ ክርክር ቀላል ነበር፦ ለካችሁ ተናገሩ፣ ስትሰሙም ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ስሙ። ዛሬ ርካሽ ዕቃዎች እንዲህ ጥሩ የሆኑት ገዢው እንዲህ መጠየቅ ስለጀመረም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ቀጣዩን ግምገማ ስታወጡ በየትኛው ሄድፎን እንደተሰማ ጻፉልን፣ ከነ ኦሙ። የድምፅ መጠኑ በመለኪያ እኩል መደረጉን ንገሩን። በባትሪም በቻርጀርም ሞክሩት፣ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከስልካችን መሰኪያና ከርካሿ ገመድ ጋር አወዳድሩት። ዋጋውን ስትጽፉ ደግሞ ውጭ አገር ያለውን ዶላር ብቻ ሳይሆን ቀረጥ ተከፍሎ እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥበትን ጻፉ፤ ሁሉም ሰው ሻንጣ የምታመጣለት እህት የለውም። እስከዚያ ድረስ ግን አንባቢው ዛሬውኑ በነፃ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ሌሊት ጸጥ ሲል ሄድፎኑን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካ፣ ምንም ሳያጫውት ድምፁን ከፍ ያድርግ፣ ማውሱን ያንቀሳቅስ። ምንም ካልሰማ ሳጥን አያስፈልገውም። «ሽሽሽ» ከሰማ መጀመሪያ ርካሿን ገመድ ይሞክር።

ጸሐፊያችሁ ፈቃደኛ ከሆነ ሳጥኗን፣ ገመዷን፣ ሄድፎኔንና የጓደኛዬን መልቲሜትር ይዤ ቢሮአችሁ እመጣለሁ። እሱ የገመገማቸውን ሦስቱን ሳጥኖች በተመሳሳይ መንገድ አብረን እንስማቸው። የዚያን አዛውንት ድምፅ ማምጣት አልችልም፣ የሰው አደራ ነው። ግን እኔው ራሴ «ሰጠው» እና «ሸጠው» ብዬ በስልክ ዝቅ ባለ ድምፅ እቀዳና አመጣለታለሁ። ከሰኞና ከሐሙስ በስተቀር ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ድምፅ ገልባጭ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ